የጤፍ ፍሬ ግማሽ የምታክል ነገር «ሰው» ተባለች፦ ስለ ስቴም ሴል ለተሰራጨው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ባለፈው ሳምንት አንድ ጽሑፍ ከሦስት ሰው ደረሰኝ። አንዱ የድሮ የክፍል ጓደኛዬ ነው። አንዷ የሥራ ባልደረባዬ ናት። ሦስተኛዋ አክስቴ። አክስቴ ጋ የደረሰ ጽሑፍ እንግዲህ አገር አዳርሷል ማለት ነው።

ላላያችሁት በአጭሩ ልንገራችሁ። ጽሑፉ እስራኤል ውስጥ ያለ እናትና ያለ አባት ሰው ተፈጠረ ይላል። ፅንስን ከ14 ቀን በላይ ላብራቶሪ ውስጥ ማቆየት የሚከለክለው ሕግ ተነስቷል ይላል። ስቴም ሴል የሚባል ነገር ሁሉ ከውርጃ የሚወሰድ ነው ይላል። ቀጥሎ ስኳር በሽታ ድኗል ይላል። ህክምናው ከራስ አካል ስለሆነ ጉዳት የለውም ይላል። መጨረሻ ላይ ደግሞ ይኼው ቴክኖሎጂ በዱቄት መልክ አገራችን ገብቷል ብሎ ስልክ ቁጥር ያስቀምጣል።

ልብ ብላችሁ ካያችሁት የጽሑፉ የላይኛው ግማሽ ሳይንሱን ይረግማል፣ የታችኛው ግማሽ ያንኑ ሳይንስ ይሸጣል። ከላይ እርም ያሉትን ከታች በካርቶን አቅርበውታል። እኔ ሐኪም አይደለሁም። ለዓመታት ባዮሎጂ ሳስተምር ነበር፤ ይህን ዘርፍ ደግሞ ከልቤ ስለምወደው እከታተለዋለሁ። እና ዝም ማለት አልቻልኩም። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ከትልቁ ልጀምር፤ «ሰው ተፈጠረ» ከሚለው።

ጸሐፊው ነገሩን ከአየር ላይ አልዘገኑትም። በመስከረም 2023 እስራኤል ውስጥ በሚገኘው የዋይዝማን የምርምር ኢንስቲትዩት የሚሠራው የጃኮብ ሃና ቡድን ኔቸር መጽሔት ላይ አንድ ሥራ አወጣ። ስቴም ሴል ማለት ገና ምን እንደሚሆን ያልለየለት ህዋስ ነው። ቆዳም፣ ነርቭም፣ ጉበትም ሊወጣው ይችላል። ቡድኑ እንዲህ ያሉ የሰው ህዋሶችን ወስዶ በሦስት ከፈላቸው። አንዱን ክፍል እንዳለ ተወው። ሌሎቹን በኬሚካል እየገፋፋ ፅንስን የሚያቅፉትንና የሚመግቡትን ክፍሎች፣ ለምሳሌ የእንግዴ ልጅ የሚሆኑትን ዓይነት ህዋሶች፣ ወደ መሆን አመጣቸው። ከዚያ በመጠን ቀላቀላቸውና ተወት አደረጋቸው። ከመቶው አንዱ ገደማ ብቻ ራሱን በራሱ አደራጅቶ የ14 ቀን ፅንስ የሚመስል ቅርፅ ያዘ። 99ኙ ዝም ብሎ የህዋስ ክምር ሆኖ ቀረ።

እዚህ ጋ አንድ ነገር ላሳያችሁ፤ እኔን ራሴን ያስደነገጠኝ እሱ ነው። በየፋርማሲው የምትሸጠውን የእርግዝና መመርመሪያ ታውቋታላችሁ። ተመራማሪዎቹ ከዚያ ፅንስ መሰል ሞዴል የወጣውን ሆርሞን ሲመረምሩት ውጤቱ «አርግዘሻል» የሚል ሆነ። እናት የለችም፣ ማህፀን የለም፣ መመርመሪያው ግን አዎ አለ። ጸሐፊው ይህን ቢያውቁት ኖሮ ርዕስ ያደርጉት ነበር። ግን መመርመሪያው የሚያገኘው ልጅ አይደለም፤ ሆርሞን ነው። ሆርሞኑን የሚያመነጩት ደግሞ የእንግዴ ልጅ የሚሆኑት ህዋሶች ናቸው። እነሱ አሉ፣ ሥራቸውን ሠሩ፣ በቃ።

መጠኑስ? ግማሽ ሚሊሜትር አካባቢ። የአንድ ጤፍ ፍሬ ግማሽ በሉት። ልብ የለውም፣ አንጎል የለውም፣ ነርቭ የለውም። በዚያ ላይ ፅንስ ማህፀን ላይ የሚጣበቅበትን ደረጃ ዘልሎት ነው የመጣው፤ ስለዚህ ማህፀን ውስጥ ቢከቱትም መያዝ አይችልም።

«ዛሬ ባይችል ነገ ይችላል» የሚል አይጠፋም። ጥሩ። እስካሁን የተሞከረውን እንይ። ከዚያ ሥራ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ2022፣ ይኸው ቡድን በአይጥ ሞክሮት ነበር። ከ10,000 ከሚጠጋ የህዋስ ስብስብ ውስጥ 50 ገደማው ብቻ ነው ወደ ቅርፅ የመጣው። እነዚያ 50ዎቹ የሚመታ ልብ ነበራቸው፣ የአንጎል ጅማሬም ነበራቸው፣ ነገር ግን የ8 ቀን ተኩል ፅንስ የሚሆን ደረጃ ላይ ሲደርሱ ቆሙ። አይጥ የምትወልደው በ20 ቀን ገደማ ነው። ቻይና ውስጥ ደግሞ በ2023 በሌላ ዘዴ የተሠሩ የዝንጀሮ ፅንስ ሞዴሎችን በ8 እንስቶች ማህፀን ውስጥ አስገቡ። በሦስቱ ላይ የእርግዝና ምልክት ታየ። ብዙም ሳይቆይ ጠፋ። አንዷም አልወለደችም።

የሪል ስቴት ቢሮ ገብታችሁ ታውቃላችሁ? መሀል ላይ በመስታወት ሳጥን የተቀመጠ የሕንፃ ሞዴል አለ። በረንዳው አለ፣ መኪና ማቆሚያው አለ፣ ትንንሽ አረንጓዴ ዛፎች ሁሉ አሉት። ቆንጆ ነው። ግን ማንም ዕቃውን ጠቅልሎ እዚያ ውስጥ አይገባም። (ሕንፃው ራሱ መቼ እንደሚያልቅ ሌላ ጉዳይ ነው፣ እሱን ተዉት።) ተመራማሪዎቹም ያወጡትን ነገር «ሞዴል» ሲሉት ለይሉኝታ አይደለም።

ታዲያ ለምን ይደክሙበታል? ከሁለተኛው እስከ አራተኛው ሳምንት ያለው ጊዜ በሰው ልጅ አፈጣጠር ውስጥ ከሁሉም ያነሰ የምናውቀው ስለሆነ ነው። እናትየው ራሷ ብዙ ጊዜ ማርገዟን ሳታውቅ የሚያልፍ ጊዜ ነው። ብዙ ፅንስ የሚጨነግፈውም ያኔ ነው፣ የአካል መሠረት የሚጣለውም ያኔ ነው። ታሊዶማይድ የሚባለውን መድኃኒት የሚያስታውስ ያስታውሳል። በ1950ዎቹ መጨረሻ ለማቅለሽለሽ ተብሎ ለነፍሰ ጡሮች ይሰጥ ነበር፤ በዓለም ላይ ከ10,000 በላይ ሕፃናት እጅና እግራቸው ሳይሟላ ተወለዱ። ጉዳቱ የደረሰው በእርግዝናው የመጀመሪያ ሳምንታት በተዋጠ መድኃኒት ነው። ማንም በነፍሰ ጡር ላይ መድኃኒት እየሞከረ መማር አይፈልግም። በሞዴል ላይ ግን ይቻላል።

ሁለተኛው ነጥብ፣ የ14 ቀኑ ሕግ። ይህን በአጭሩ ልለፈው፤ ምክንያቱም ጸሐፊው ሁለት የተለያዩ ነገሮችን አንድ ላይ ነው የቀላቀሉት።

ሐሳቡን በሰፊው ያስተዋወቀው በ1984 እንግሊዝ ውስጥ በሜሪ ዋርኖክ የተመራው ኮሚቴ ነው። በ1990 እዚያው አገር ሕግ ሆነ። ለምን 14? በዚያ ሰሞን ፅንሱ ላይ አንድ ጭረት ትታያለች፤ ራስና እግር፣ ቀኝና ግራ የሚለይባት መስመር ናት። ከዚያ በፊት አንዱ ፅንስ ለሁለት ተከፍሎ መንታ ሊሆን ይችላል። ከዚያ በኋላ ግን አንድ ወይም ሁለት መሆኑ ለይቶለታል። ስለዚህ «እዚህ ጋ እናቁም» ተባባሉ።

በ2021 ዓለም አቀፉ የስቴም ሴል ምርምር ማኅበር መመሪያውን ሲያሻሽል ከ14 ቀን ማለፍን «ፈጽሞ የተከለከለ» ከሚለው ዝርዝር አወጣው። ጸሐፊው የሰሙት ይህንን መሰለኝ። ግን የማኅበር መመሪያ የአገር ሕግ አይደለም። የእንግሊዙ ሕግ ዛሬም እንዳለ ነው፤ ወደ 28 ቀን ይራዘም የሚል ሐሳብ ቀርቦ እየተከራከሩበት ነው። ያው ማኅበር በ2025 ባወጣው ማሻሻያ ደግሞ የፅንስ ሞዴልን በሰውም ሆነ በእንስሳ ማህፀን ውስጥ ማስገባትን፣ ላብራቶሪ ውስጥም ወደ ሕይወት እስኪደርስ ማሳደግን በግልጽ ከልክሏል። ጸሐፊው ሊመጣ ነው ብለው የሚያስፈራሩን ነገር የዘርፉ ሰዎች ራሳቸው አይሆንም ያሉት ነው።

አንድ ነገር ግን ለጸሐፊው እሰጣቸዋለሁ። ሞዴሉ እየተሻሻለ ሲሄድ ሞዴል መሆኑ የሚያበቃው የት ጋ ነው? ይህ ጥያቄ የዋዛ አይደለም። እኔም መልስ የለኝም። ተመራማሪዎቹም እየተጨቃጨቁበት ነው። ጸሐፊው ይህን ቢጠይቁ ኖሮ ይህ ምላሽ አይጻፍም ነበር።

ወደ ውርጃው እንሂድ። እዚህም ላይ ሙሉ ለሙሉ ውሸት ነው አልልም። በ1998 ሁለት የአሜሪካ ቡድኖች በሰው ስቴም ሴል ላይ የሠሩትን በአንድ ሰሞን አወጡ። አንደኛው፣ የጆን ጊርሃርት ቡድን በጆንስ ሆፕኪንስ፣ ህዋሶቹን ያገኘው በእርግጥም ከተቋረጠ እርግዝና ነው። ሌላው፣ ታሪክ የያዘው የጄምስ ቶምሰን የዊስኮንሲን ቡድን ግን የተጠቀመው መውለድ ያቃታቸው ጥንዶች ከማህፀን ውጭ በተደረገ ህክምና ካገኟቸው ፅንሶች የተረፉትንና ፈቅደው የሰጧቸውን ነው። ገና የጥቂት ቀን ዕድሜ ያላቸው፣ ማህፀን ያላዩ። ይህም ቢሆን የሚቃወመው አለ፣ መብቱ ነው። ግን ውርጃ አይደለም።

ዋናው ነገር ግን ክርክሩ ራሱ ቦታ መቀየሩ ነው። በ2006 ጃፓን፣ ኪዮቶ ውስጥ ሺንያ ያማናካና ባልደረባው ካዙቶሺ ታካሃሺ ያደገ የአይጥ ህዋስ ወስደው አራት ጂኖች ጨመሩበት። ህዋሱ ወደ ኋላ ተመልሶ ስቴም ሴል ሆነ። መጀመሪያ 24 ጂኖች ነበሩ በእጃቸው፤ አንድ በአንድ እየቀነሱ አራት ላይ ደረሱ። በ2007 በሰው ቆዳ ህዋስ ደገሙት። ከዚያ ወዲህ ከክንድ በተቆረጠች ቁራጭ ቆዳ ስቴም ሴል መሥራት ይቻላል።

ያማናካ መጀመሪያ የአጥንት ቀዶ ጥገና ሐኪም ነበር፤ እጁ ግን አልፈታ ብሎት ሌላው በደቂቃዎች የሚጨርሰውን እሱ አንድ ሰዓት ይፈጅበት ስለነበር ባልደረቦቹ «ጃማናካ» ይሉት ነበር፤ ጃማ በጃፓንኛ እንቅፋት ማለት ነው። በ2012 ኖቤል አብሮት የተሸለመው ጆን ገርደን ደግሞ ተማሪ ሳለ በባዮሎጂ ከ250 ልጆች መጨረሻ ወጥቶ ነበር። መምህሩ ሳይንቲስት የመሆን ሐሳቡን ቂልነት ነው ብለው የጻፉበትን ካርድ በፍሬም አድርጎ ቢሮው ውስጥ አስቀምጦት ኖሯል። አስተማሪ ስለነበርኩ ይህን ታሪክ ባነሳሁ ቁጥር ትንሽ ያመኛል።

በዚያ ላይ ከሁሉ የቆየው የስቴም ሴል ህክምና የአጥንት መቅኒ ንቅለ ተከላ ነው። ከ1950ዎቹ ጀምሮ የነበረ ነው። ወንድም ለእህቱ መቅኒ ይሰጣል። ውርጃ የት ገባ?

አሁን ስኳር። ይህ ነጥብ ነው እንቅልፍ የነሳኝ፤ ሰው ሊሞትበት ይችላልና።

ዜናው እውነት ነው፣ እንዲያውም ጸሐፊው ከጻፉት በላይ ይገርማል። በሰኔ 2025 ቨርቴክስ የተባለው ኩባንያ የሙከራ ውጤቱን አወጣ። ከስቴም ሴል ኢንሱሊን የሚያመነጩ ህዋሶች ሠርተው በደም ሥር ወደ ጉበት ሰደዷቸው። ሙሉውን መጠን ከወሰዱት 12 ሰዎች 10ሩ ከዓመት በኋላ ኢንሱሊን መወጋት አቁመው ነበር። ከአሥራ ሁለት አሥር! ያነበብኩት ምሽት ላይ ነው፤ ብድግ ብዬ ቤት ውስጥ ተንጎራደድኩ። ቻይና ቲያንጂን ውስጥም አንዲት የ25 ዓመት ወጣት ከራሷ ህዋስ የተሠራላትን በ2023 ሆዷ ጡንቻ ሥር ተተክሎላት ከ75 ቀን በኋላ ኢንሱሊን አቁማለች።

ይኼ ሁሉ እሺ። ጸሐፊው ያልነገሩን ግን አለ። አንደኛ፣ እነዚህ ሁለቱም ሙከራዎች የተደረጉት በአንደኛው ዓይነት ስኳር፣ አካል ራሱ ኢንሱሊን ማመንጨት በሚያቆምበት፣ ላይ ነው። ብዙዎቻችን በየቤታችን የምናውቀው ሁለተኛው ዓይነት ነው። ሁለተኛ፣ የቨርቴክስ ታካሚዎች የገባላቸው ህዋስ የሌላ ሰው ነውና አካላቸው እንዳይገፋው የበሽታ መከላከያን የሚያዳክም መድኃኒት መውሰድ አለባቸው። ከሙከራው ተሳታፊዎች ሁለቱ ሞተዋል። ሞታቸው ከህዋሱ ጋር አልተያያዘም ተብሏል፤ ነገር ግን አንዱን የገደለው በፈንገስ የሚመጣ የማጅራት ገትር ነው፣ የሰውነት መከላከያ ሲደክም የሚያገኝ በሽታ። የቻይናዋም ወጣት «የራሷ ህዋስ» ቢሆንም ቀድሞ ጉበት ተተክሎላት ስለነበር ያንኑ ዓይነት መድኃኒት እየወሰደች ነበር። ስለዚህ የራስ ህዋስ ያለ መድኃኒት ይቆያል ወይ የሚለው በእሷ አልተመለሰም።

12 ሰው። አንዲት ወጣት። ይኼ ነው «ድኗል» የተባለው።

እዚህ አገር ፍሪጅ የሌለው ቤት ኢንሱሊኑን እንዳይበላሽ በሸክላ ማሰሮ፣ እርጥብ አሸዋ መሀል አድርጎ ያስቀምጣል። እንዲህ እየተሳሳለት ለሚኖር ሰው «ስኳር ድኗል» ብሎ መጻፍ ቀላል ነገር አይደለም። አንደኛው ዓይነት ያለበት ልጅ ኢንሱሊን ቢያቆም በቀናት ውስጥ ራሱን ሊስት፣ ሊሞትም ይችላል። ማንም ይህን ጽሑፍ አንብቦ አንዲት መርፌ እንዳይዘል። ጥያቄ ያለው ሐኪሙን ይጠይቅ።

«ከራስ አካል የመጣ አይጎዳም» ወደሚለው ልለፍ። ይህ አባባል ጆሮ ላይ ሲገባ ደስ ይላል። ችግሩ እውነት አለመሆኑ ነው።

አሜሪካ ፍሎሪዳ ውስጥ ሦስት ሴቶች በዕድሜ ምክንያት ዓይናቸው እየደከመ ነበር። ከራሳቸው ስብ የተወሰደ «ስቴም ሴል» በሁለቱም ዓይናቸው፣ በአንድ ቀን ተወጉ። ለዚያውም እያንዳንዳቸው 5,000 ዶላር ከፍለው። የሦስቱም ዓይን ጠፋ ወይም ለመጥፋት ተቃረበ። ታሪኩ በ2017 ትልቁ የአሜሪካ የህክምና መጽሔት ላይ ወጥቷል። የራሳቸው ስብ ነበር እኮ።

ሁለተኛው ታሪክ ለእኛ ቀረብ ይላል። በሰኔ 2011 ስዊድን፣ ካሮሊንስካ ሆስፒታል፣ ፓውሎ ማኪያሪኒ የተባለ ቀዶ ሐኪም ለአንድ ኤርትራዊ ተማሪ ከፕላስቲክ የተሠራ የአየር ቱቦ ተከለለት። ፕላስቲኩ በታካሚው በራሱ ስቴም ሴል ተነክሮ ነበር። ህዋሱ ያድጋል፣ ፕላስቲኩን ይለብሰዋል፣ ሕያው ቱቦ ይሆናል ተባለ። ዓለም አጨበጨበ። ወጣቱ በ2014 መጀመሪያ ላይ ሞተ። ፕላስቲኩ ሕያው አልሆነም ነበር። ማኪያሪኒ በ2023 በስዊድን ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ከባድ የአካል ጉዳት በማድረስ ጥፋተኛ ተብሎ የሁለት ዓመት ተኩል እስራት ተፈርዶበታል። ይህ በጓሮ የተከፈተ ክሊኒክ አልነበረም። የህክምና ኖቤል አሸናፊ የሚመረጥበት ተቋም ጎረቤት ነው።

ደግሞም ስቴም ሴል በባህሪው ምን እንደሚሆን ያልለየለት ነው ብያለሁ። እንዳለ፣ ሳይገራ አካል ውስጥ ቢገባ እጢ ያበቅላል። ፀጉርና ጥርስ ያለው እጢ ሁሉ ይገኛል። ተመራማሪዎች አንድ ህዋስ እውነተኛ ስቴም ሴል መሆኑን ከሚፈትሹባቸው መንገዶች አንዱ አይጥ ላይ ወግተው እንዲህ ያለ እጢ ማውጣቱን ማየት ነው። ምልክቱ ራሱ አደጋው ነው። ጃፓን ውስጥ በ2014 አንዲት የዓይን ታካሚ ከራሷ ቆዳ በተሠራ ህዋስ ስትታከም ከእሷ ቀጥሎ የተዘጋጀው ታካሚ ህዋስ ላይ የጂን ለውጥ ስለታየ ሥራውን ቆም አድርገውታል። ሰው ሳይጎዳ፣ ገና ለገና ብለው።

ቀረን ዱቄቱ።

አክስቴ ጉልበቷን ታማለች። ጽሑፉ ሲደርሳት ዱቄቱ ቤቷ ከገባ ሁለት ወር ሆኖት ነበር። ቅዳሜ ሄጄ አየሁት። ካርቶኑ ላይ ቀይ ፖም ተስሏል። ውስጡ እንደ ስኳር የታሸጉ ትንንሽ ፓኬቶች አሉ።

«አክስቴ፣ ይኼ ምንድን ነው?»

«ስቴም ሴል ነው ልጄ። ያለቀውን የጉልበት አጥንት ይተካል አሉኝ።»

«የማን ስቴም ሴል?»

«እኔ ምኑን አውቄ! የፖም ነው መሰለኝ።»

በእርግጥም የፖም ነው፤ ካርቶኑ ላይ ተጽፏል። አንዷን ቀድጄ ምላሴ ላይ አደረግኳት። ብርቱካን ብርቱካን የሚል ጣፋጭ ነገር ነው። አሁን አስቡት። የፖም ህዋስ ተዋጠ። ጨጓራ እንደማንኛውም ምግብ ይፈጨዋል። ባይፈጨውስ፣ የፖም ስቴም ሴል ተሳክቶለት ቢያድግ የሚሆነው ፖም ነው፤ የአክስቴ ጉልበት አይደለም። ዕድሜያችንን ሙሉ ሽሮ ስንበላ ኖረን ሆዳችን ውስጥ ሽምብራ በቅሎ አያውቅም። ለአክስቴ ይህን ስነግራት ሳቀች፣ ቡናዋን ቀዳች፣ ግን ካርቶኑን አልጣለችም። ሁለት ካርቶን ቀርቷታል። ገንዘብ ወጥቶበታል።

ከጽሑፉ ሥር ያለውን ስልክ ደወልኩበት። አንድ ትሁት ወጣት አነሳው።

«ለጉልበት ይሆናል?» አልኩት።

«በጣም።»

«ለስኳርስ?»

«ለስኳርም፣ ለደም ግፊትም፣ ለሁሉም።»

«የእህቴ ልጅ ኢንሱሊን ትወጋለች፤ ይህን ከጀመረች ታቆማለች?» እህት የለኝም። ምን እንደሚል ለመስማት ነው።

ትንሽ ዝም አለ። ከዚያ፣ «ቀስ በቀስ ትቀንሳለች» አለኝ። ቀጠለና ሦስት ሰው ካመጣሁ አንድ ካርቶን በነፃ እንደማገኝ ነገረኝ።